ከሁለት ጣሳ የሚሠራ ቀላል የመንገደኛ ምድጃ

1. ጉልቻ ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ተረት። እውነት ነው። ወጥን የሚያጣፍጠው ቅመሙና የሠሪው እጅ ነው። ነገር ግን ጉልቻው ሲለወጥ የሚለወጥ ሌላ ነገር አለ። የሚነደው የእንጨት መጠን ይለወጣል። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ይለወጣል። እንጨት ለመልቀም የሚባክነው ጊዜም ይለወጣል።

ሦስት ጉልቻ በቤት ውስጥ ቦታ አለው። መንገደኛ ግን ጉልቻውን ተሸክሞ አይሄድም። ነጋዴው ከገበያ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ እረኛው ከብቱን ይዞ ሣር ፍለጋ ሲርቅ፣ ማሳ ጠባቂው ማማ ላይ ሲያድር፣ ተሳላሚው ወደ ደብር ሲጓዝ፣ ባረፈበት ቦታ ድንጋይ ለቅሞ እሳት ያነዳል። ነፋስ ሲበረታ ነበልባሉ ወደ ጎን ይበተናል። እንጨቱ ካልደረቀ ጭሱ ያፍናል። አንድ ጣሳ ሻይ ለማፍላት አንድ እቅፍ እንጨት ይነዳል። ይባስ ብሎም ያልጠፋ ፍም ተትቶ ይኬድና ሣሩና ጫካው ይያያዛል።

በዚህ ትምህርት ከሁለት ባዶ ጣሳ አንድ ቀላል ምድጃ እንሠራለን። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ግራም አይበልጥም። በከረጢት ወይም በአቁማዳ ተይዞ ይሄዳል። ፍልጥ አይፈልግም፤ ጭራሮ ይበቃዋል። ስለዚህ ዛፍ መቁረጥ ቀርቶ መጥረቢያ መያዝ እንኳ አያስፈልግም። ከሥራው በፊት ግን አንድ ነገር መረዳት አለብን። ጭስ ምንድን ነው?

2. ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው

ብዙ ሰው እንጨት ራሱ የሚነድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እንጨት ሲሞቅ በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይወጣል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እንጨቱ እየተበታተነ ጋዝ ይሆናል። 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጋዙ በብዛት ይወጣል። ነበልባል ብለን የምናየው ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲነድ ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ውስጥ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ በዚህ ዓይነት ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የሚቀረው ከሰልና አመድ ነው።

ጋዙ ሙቀት ካገኘና አየር በደንብ ከደረሰው ይነዳል። ሙቀት ካነሰው ወይም አየር ካጠረው ሳይነድ ያመልጣል። ያመለጠው ጋዝ ሲቀዘቅዝ ጭስ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ጭስ ማለት ያልነደደ እንጨት ማለት ነው። ለቅመን፣ ተሸክመን፣ አድርቀን ያመጣነው ማገዶ ድስቱን ሳያሞቅ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ሳንባችን ይሄዳል።

ይህን በዓይናችን ለማየት ቀላል ሙከራ አለ። ሻማ እናብራ። ጥቂት ከነደደ በኋላ እፍ ብለን እናጥፋው። ከክሩ ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ወዲያውኑ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ እናስጠጋ። ክሩን ሳንነካው እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን መልሶ ያበራዋል። ለምን? ጭሱ የሻማው ሰም ጋዝ ሆኖ ስለሆነ ነው። የእንጨት ጭስም እንደዚሁ ማገዶ ነው።

ጭስ ሀብት ማባከን ብቻ አይደለም፤ ጤናም ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስና በመሰል የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ጭሱን ከማንም በላይ የሚተነፍሱት ምድጃ ዳር የሚውሉ እናቶችና ጀርባቸው ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።

3. አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ስንት እንጨት ይበቃል?

እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ 16,000 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ኪሎ ጁል የሙቀት መለኪያ ነው። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል።

ውሃ በባሕር ጠረፍ አካባቢ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ባለ አገር ግን ቀደም ብሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የውሃው የመነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው እንበል። ከ20 ወደ 92 ለማድረስ 72 ዲግሪ ማሞቅ አለብን። 72 በ4.2 ሲባዛ 302 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህን ሙቀት ለማግኘት የሚበቃው እንጨት 19 ግራም ብቻ ነው። ይህ በመዳፍ የሚያዝ ጥቂት ጭራሮ ነው!

ታዲያ አንድ ሊትር ውሃ በ19 ግራም እንጨት ስናፈላ ለምን አንታይም? ምክንያቱም በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ውስጥ ወደ ድስቱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። የቀረው ነፋስ ይወስደዋል፣ መሬቱንና ድንጋዩን ያሞቃል፣ ወይም በጭስ መልክ ያመልጣል። ስለዚህ በ19 ግራም ፈንታ ከ130 እስከ 190 ግራም እናነዳለን። እርጥብ እንጨት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ከዚህ ስሌት የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የጎደለን እሳት አይደለም። እሳቱን የሚሰበስብ ዕቃ ነው የጎደለን። ጥሩ ምድጃ ሦስት ሥራ ይሠራል።

ሀ. ነፋስ ሙቀቱን እንዳይበትነው ይከላከላል።
ለ. አየር በሚፈለገው ቦታና መጠን እንዲገባ ያደርጋል።
ሐ. ነበልባሉ በቀጥታ የድስቱን መቀመጫ እንዲመታ ይመራዋል።

4. የጣሳ ምድጃ አመጣጥ

በጣሳ ውስጥ እሳት ማንደድ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ከጀመረ በኋላ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች በዕቃ መጫኛ ባቡር ላይ እየተሳፈሩ ከከተማ ከተማ ይንከራተቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከተጣለ የምግብ ጣሳ ምድጃ እየሠሩ ያገኙትን ያበስሉ ነበር። ጣሳውን ከላይና ከታች በስተው ጭራሮ ይጨምሩበታል፤ ዕቃቸውን ከላይ ይጥዳሉ። ችግር ያስተማረው ዘዴ ነው።

ቆይቶም የምርምር ሰዎች ስለ ምድጃ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ላሪ ዊኒያርስኪ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሙቀትን በጠባብ መተላለፊያ ይዞ ወደ ድስት የሚያደርስ «የሮኬት ምድጃ» የሚባለውን ሐሳብ አስፋፉ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ቶማስ ሪድ የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንጨትን ከላይ ለኩሶ ጋዙን ለብቻው የማንደድ ዘዴ ላይ መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ብዙ ተጓዦች የሚይዟቸው ባለ ሁለት ግድግዳ ትንንሽ የእንጨት ምድጃዎች በዚህ ሁለተኛው ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው። የሚለየው ከሱቅ አለመገዛቱ ነው።

5. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1ኛ. አንድ ትልቅ ጣሳ። የወተት ዱቄት ጣሳ ይስማማል። የጎኑ ስፋት 13 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

2ኛ. አንድ ትንሽ ጣሳ። የ850 ግራም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይስማማል። የጎኑ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

3ኛ. ለድስት ማስቀመጫ ከሌላ ትልቅ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 38 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

4ኛ. መዶሻ፣ አንድ ቀጭን ሚስማር (ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር)፣ አንድ ወፍራም ሚስማር (ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር)፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ሞረድና ጥቂት ሽቦ።

5ኛ. እርጥብ አሸዋ፣ ለእጅ መከላከያ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጓንት።

ጣሳ ስንመርጥ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ቀለም፣ ቤንዚን ወይም ጋዝ የነበረበትን ዕቃ ፈጽሞ አንጠቀም። መርዙ በእጥበት አይለቅም፤ የቤንዚን ዕቃም ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የለስላሳ መጠጥና የቢራ ቀጭን ቆርቆሮ አይሆንም። አሉሚንየም ስለሆነ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ሦስተኛ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለእሳት ማንደጃ አይሁን። በላዩ የተቀባው ዚንክ በኃይል ሲግል የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

6. አሠራሩ

ሀ. ትንሹን ጣሳ መብሳት። የትንሹን ጣሳ ክዳን ሙሉ በሙሉ እናነሣለን፤ መቀመጫው ግን እንዳለ ይቆያል። ጣሳውን በእርጥብ አሸዋ ጠቅጥቀን እንሞላለን። ይህን የምናደርገው በመዶሻ ስንመታው እንዳይጨረማመት ነው። ከአፉ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብለን ዙሪያውን በእርሳስ እናሠምራለን። በመሥመሩ ላይ በየ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል በወፍራሙ ሚስማር እንበሳለን። በዙሪያው 20 ያህል ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ አሸዋውን ደፍተን ጣሳውን እንገለብጥና መቀመጫውን በቀጭኑ ሚስማር 20 ቦታ እንበሳለን። ቀዳዳዎቹ በመቀመጫው ላይ እኩል የተበተኑ ይሁኑ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የላዩ ቀዳዳ ሰፊ፣ የታችኛው ጠባብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከታች የሚገባው አየር እንጨቱን እያጋለ ጋዝ እንዲያወጣ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከላይ የሚገባው አየር ግን ጋዙን ጨርሶ ማንደድ አለበት። ስለዚህ የላይኛው አየር መብዛት አለበት። የታችኛውን ቀዳዳ አስፍተን ብንበሳ እንጨቱ ቶሎ ቶሎ ነዶ ያልቃል፤ ጭሱም ይበዛል።

ለ. ትልቁን ጣሳ መብሳት። ትልቁ ጣሳ ሥራ ላይ ሲውል የሚቆመው ተገልብጦ ነው። አፉ መሬት ላይ ያርፋል፤ መቀመጫው ወደ ላይ ይሆናል። ከአፉ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለን፣ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ 10 ቀዳዳ እንበሳለን። መጀመሪያ በሚስማር በስተን፣ ቀጥሎ በሹል ብረት ወይም በፒንሳ እናሰፋዋለን። የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ከሆነ በቂ ነው። ለሁለቱም ግድግዳ የሚያስፈልገው አየር በሙሉ የሚገባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ስለሆነ ጠባብ መሆን የለባቸውም።

ሐ. ማስገቢያውን መቁረጥ። ትንሹን ጣሳ በትልቁ ጣሳ መቀመጫ መካከል ላይ አቁመን ዙሪያውን በእርሳስ እናሠምራለን። ከዚህ ክብ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተን ሌላ ትንሽ ክብ እንሠራለን። ትንሹን ክብ ቆርጠን እናወጣለን። ከዚያ ከተቆረጠው ጠርዝ ተነሥተን እስከ ትልቁ መሥመር ድረስ በየ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል በመቀስ እንሰነጥቃለን። ምላስ የሚመስሉ ቅጠሎች ይወጣሉ። እነዚህን ቅጠሎች በፒንሳ ወደ ታች እናጥፋቸዋለን።

መ. ሁለቱን ማገጣጠም። ትንሹን ጣሳ አፉን ወደ ላይ አድርገን በማስገቢያው እየገፋን ወደ ውስጥ እናስገባለን። የታጠፉት ቅጠሎች ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። አፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ብሎ ይቅር። የሁለቱ ጣሳ ቁመት ስለማይመሳሰል ከትንሹ ጣሳ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል። አየር የሚዞረው፣ አመድም የሚወርደው በዚህ ቦታ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከልም የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ይኖራል።

ሠ. የድስት ማስቀመጫ። የቆረጥነውን ቆርቆሮ ጠቅልለን ቀለበት እናደርገዋለን። ጫፎቹን ደራርበን፣ በስተን፣ በሽቦ እናስራለን። በአንዱ ጎን 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት እንከፍታለን፤ ጭራሮ የሚጨመረው በዚህ ነው። በላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን 10 ያህል ሰፋፊ ቀዳዳ እንበሳለን፤ የነደደው አየር የሚወጣው በዚህ ነው። ቀለበቱ በትልቁ ጣሳ አናት ላይ ሲቀመጥ የጣሳው ከፍ ያለ ጠርዝ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል።

ረ. ማለስለስ። የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ጠርዙን ሁሉ በሞረድ እናለስልስ። ምድጃው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን እሳት ምግብ ሳንጥድ ውጭ እናንድድበት። የጣሳው ቀለምና የውስጥ ቅባቱ ነዶ ይጥፋ።

7. አነዳዱ

ማገዶው ደረቅ መሆን አለበት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። በጥላ ሥር የደረቀ እንጨት ግን ከመቶ ከ15 እስከ 20 እጅ ያህል ውሃ ብቻ ይይዛል። በእጅ ሲሰበር «ቀጭ» የሚል ጭራሮ ደርቋል ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሆናል። ውፍረቱ ከአውራ ጣት አይብለጥ፤ ርዝመቱም ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ጭራሮውን ከላይኞቹ ቀዳዳዎች በታች እስኪደርስ እንሞላለን። ቀዳዳዎቹን እንዳይሸፍን እንጠንቀቅ። ከላይ ደረቅ ሣር፣ የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ቅርፊት እናደርግና እሳቱን ከላይ እንለኩሳለን። ይህ አለኳኮስ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። አንድ ማሳ ጠባቂ ሽማግሌና የእህታቸው ልጅ በዚህ ነገር ቢከራከሩ እንዲህ የሚባባሉ ይመስለናል።

— አንተ ልጅ፣ እሳት ከላይ ተለኩሶ ወደ ታች ይወርዳል እንዴ? እኛ ስናውቅ እሳት ወደ ላይ ነው የሚወጣ።

— ነበልባሉማ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ጋሼ። ፍሙ ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሻማስ ከላይ አይደል የሚለኮሰው?

— እሱስ ነው። ግን ከታች ብለኩሰው ምን ይሆናል?

— እንጨቱ ሁሉ ባንዴ ይሞቅና ጋዙ ባንዴ ይወጣል። ይሄን ሁሉ ጋዝ የሚያነድ አየር አይገኝም። ስለዚህ ይጨሳል። ከላይ ሲለኮስ ግን ጋዙ በነበልባሉ መሀል ካላለፈ መውጫ የለውም። ሲያልፍ ይነዳል።

— እንግዲህ በሩ ላይ ዘበኛ አቆምክበት በለኛ!

ሽማግሌው በደንብ ገብቷቸዋል። ነበልባሉ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ጋዙን ሳያነድ አያሳልፍም።

ከተለኮሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሹ ጣሳ ይግላል። በሁለቱ ግድግዳ መካከል ያለው አየርም ሞቆ ወደ ላይ ይወጣና በላይኞቹ ቀዳዳዎች ይገባል። በዚያን ጊዜ ከየቀዳዳው ትንንሽ ነበልባል ወደ መሀል ሲተፋ ይታያል። ይህን ስናይ ምድጃው በትክክል እየሠራ ነው። ቀለበቱን አስቀምጠን ድስቱን እንጣድ። ድስቱ ክዳን ይኑረው። ክዳን የሌለው ድስት ሙቀቱን በእንፋሎት ያባክናል።

አንዱ ሙሌት ሊያልቅ ሲል በመስኮቱ አንድ ሁለት ጭራሮ እየጨመርን እሳቱን ማቆየት እንችላለን። ባንዴ አፍነን ከሞላነው ግን ነበልባሉ ይጠፋና ጭሱ ይነሣል።

8. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ ይህን ምድጃ በተዘጋ ቤት፣ በድንኳን ወይም በመኪና ውስጥ ፈጽሞ አናንድድ። ጭስ ባይታይም ከፍም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ ያስተኛል፤ የተኛው ሰው ላይነቃ ይችላል። በብርድ ሌሊት ፍም ወደ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። «ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም» የሚባለው ስሕተት ነው። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር እናውጣውና ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ሁለተኛ፣ ምድጃውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በተጠረገ መሬት ላይ እናስቀምጥ። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ሣርና ቅጠል አይኑር። ትልቁ ጣሳ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ፍም ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምድጃው ቀላል ስለሆነ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ የሚይዝ ድስት አንጣድበት። ሕፃናት እንዳይደርሱበት እናድርግ። በነደደበት ጊዜና ከጠፋ በኋላም እስኪቀዘቅዝ በእጅ አንንካው።

አራተኛ፣ ፕላስቲክ፣ ጎማና ቀለም የተቀባ እንጨት አናንድድ። እንደ ቁልቋልና ቅንጭብ ያሉ ወተት መሰል ፈሳሽ ያላቸውን ዕፅዋትም ለማገዶ አንልቀም፤ ፈሳሻቸው ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

አምስተኛ፣ ስንነሣ አመዱን ደፍተን ውሃ እናፍስበት፣ እናማስለው፣ እንደገና ውሃ እናፍስበት። የእጃችንን ጀርባ አስጠግተን ሙቀት ካልተሰማን ጠፍቷል። ሙቀት ካለ አልጠፋም፤ ጥለነው አንሂድ።

9. የማይችለው ሥራ

ማንኛውም ዕቃ ልክ አለው። ይህ ምድጃ ለሻይ፣ ለቡና፣ ለሽሮ፣ ለአጥሚትና ውሃ አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ነው። እንጀራ አይጋገርበትም። ለቤተሰብ ወጥም አይበቃም። የጣሳው ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ እየነደደና እየዛገ ይሳሳል። ሲበሳ ትንሹን ጣሳ ብቻ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ ትልቁ ጣሳ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ለቤት የሚሆኑ ሌሎች ምድጃዎች አሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው «ምርት» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚጋገረው ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰል «ላቀች»፣ ለድስት ደግሞ «ትክክል» የሚባሉ ምድጃዎች አሉ። ስማቸውና ቅርጻቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሠሩት ባየነው ሕግ ነው። እሳቱን መሰብሰብ፣ አየሩን መምራት፣ ሙቀቱን ወደ ዕቃው ማድረስ።

ጣሳውን የበሳ ሰው ይህን ሕግ በእጁ ያውቀዋል። ቤቱ ሲመለስ የቤቱን ምድጃ በሌላ ዓይን ያየዋል። «ይህ ጭስ ለምን ይወጣል? አየሩስ በየት ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ባለቤቱ ጭስ ውስጥ ተደፍታ ስትውል፣ ልጁ እንጨት ለመልቀም ብሎ ከትምህርት ሲቀር ዝም ብሎ አያይም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ እንጨት ግን ያተርፋል፣ ዓይን ያድናል፣ ጊዜም ያስገኛል።

የቃላት ፍቺ

ጭራሮ — ቀጫጭን የደረቀ ቅርንጫፍ
ፍልጥ — በመጥረቢያ የተሰነጠቀ እንጨት
ማማ — እህል ጠባቂ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ መቀመጫ
ቆረቆንዳ — ፍሬው ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀር የበቆሎ እንጨት
ፍም — ነበልባል የሌለው የጋለ ከሰል
ካርቦን ሞኖክሳይድ — ማገዶ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ የማይታይ መርዘኛ ጋዝ

ጥያቄዎች

1. «ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው» የተባለው ለምንድን ነው?
2. በትንሹ ጣሳ ላይ የላይኛው ቀዳዳ ከታችኛው የሰፋው ለምንድን ነው?
3. እሳቱን ከታች ብንለኩሰው ምን ይሆናል?
4. በአካባቢያችሁ ውሃ በ95 ዲግሪ ይፈላል እንበል። ከ20 ዲግሪ የተነሣ ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት ስንት ኪሎ ጁል ያስፈልጋል?
5. ጭስ የማይታይበት ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው እንዴት ነው?

ተግባር

ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ምድጃ ሥሩ። አንድ ሊትር ውሃ በጣሳው ምድጃ፣ አንድ ሊትር ውሃ በሦስት ጉልቻ አፍሉ። ከማንደዳችሁ በፊት ሁለቱንም ማገዶ መዝኑ፤ ሲያልቅ የተረፈውን መዝኑ። የነደደውን ልዩነት በደብተራችሁ ጻፉና ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።